የብሎክ ሃያ ሁለት ፈዋሽ

በእኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ «ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ብሎካችሁ ስንተኛ ዋሻ ደርሷል?» ነው የሚለው። መልሱ ከኋላው ካለው ግድግዳ ላይ ስለሚነበብ ጥያቄው ለወግ ያህል ነው። አምስተኛ ዋሻ ከሆናችሁ ጥርስ ይነቅላሉ፣ መነጽር ይሰጣሉ። ስምንተኛ ከሆናችሁ ስብራት ይጠግናሉ። አስራ ሁለተኛ የደረሰ ብሎክ ሴቶቹ ምጥ ሲጠናባቸው በቀዶ ጥገና ይወልዳሉ። ኩላሊትና ልብ ከአስራ አምስት ጀምሮ ነው። ካንሰር ሃያ ነው ይባላል። ሃያ የደረሰ ብሎክ አይቼ ስለማላውቅ እውነት ይሁን ውሸት መመስከር አልችልም።

እንዲህ ከሆነ አስራ አንድ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደ። አሁን ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ አጥንት ከመቆጠሩ በፊት «የእናንተ ብሎክ ስንተኛ ላይ ነው?» ይባላል። ብሎክ ዘጠኝ አራተኛ ዋሻ ላይ ከተንጠለጠለ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚያ የሚኖር አንድ ግንበኛ የተሰበረ እግሩን በካርቶንና በሽቦ አስሮ ሲያነክስ በየቀኑ አየዋለሁ። ደግ ሰው ነው፣ ከሩቅ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይላል። ከእኛ ብሎክ ቆሞ የሚያናግረው ግን የለም። ዋሻ እንደ ጉንፋን ይጋባል ብለን ነው መሰለኝ።

ጨዋታውን «መውረጃው» እንለዋለን። የጤና ተራ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሌላ ረጅም ስም አውጥተውለታል፤ እነሱም ራሳቸው ሲጠሩት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ፈዋሽ ያስቀምጣል። ፈዋሹ ጨዋታው የሚታይበትን መስታወት ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ እኛ ግቢው ግድግዳ ላይ እናያለን። አራት ተዋጊዎች ከፊት ይሄዳሉ፦ ባለ ጎራዴው፣ ቀስተኛው፣ ጋሻ ያዡና ችቦ የምትይዘው ልጅ። ፈዋሹ ከኋላ ነው። ቢላዋ እንኳ አይሰጡትም። ያለው ሰባት ጉንጭ ውሃ የሚይዝ ቅል፣ በመንገድ የለቀመው የመድኃኒት ቅጠልና የገዛ መዳፉ ነው። አንዱ ሲቆስል መዳፍህን መስታወቱ ላይ ተጭነህ ትይዛለህ፣ ቁስሉ ይገጥማል። እስክትለቅ ድረስ መራመድ አትችልም። አንድ ቦታ ላይ ሃያ እስኪቆጠር ከቆምክ ደግሞ ከኋላ ጥቁር ጎርፍ ይነሳል። ጎርፉ ከደረሰብህ ትሞታለህ፣ ከሞትክ ከመጀመሪያው ዋሻ እንደገና ትጀምራለህ። ዋሻዎቹም እንደበፊቱ አይጠብቁህም፤ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል፣ በር የነበረው ገደል ይሆናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ አስር ጊዜ ብትሞት ከልካይ የለህም። በሦስት ወር ውስጥ የደረስክበት ከሁሉ ጥልቁ ዋሻ ግን ለሚቀጥለው ሦስት ወር የብሎክህ ዕጣ ነው።

ባለቤቴ ኖላዊት ኩላሊቷ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማክሰኞና ዓርብ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ደሟ ታጥቦ ይመለሳል። ያን ወንበር ያመጣልን ቅዱስ የሚባል የድሮ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ሰው እያየ እጁን ዘርግቶ «አንተ ቁም፣ አንተ እለፍ» ማለት የለመደ ስለነበር አስራ አምስተኛውን ዋሻ እንደ አደባባይ ነበር የሚያልፈው። ክፋቱ፣ ባለፈው ጥር አግብቶ ወደ ብሎክ ሃያ ሦስት ገባ። ሰርጉ ላይ ብሎካችን በሙሉ አለቀሰ። ሙሽሪት «እንዲህ ነው እንዴ የምትወዱት!» ብላ ተገርማለች አሉ።

እናም ሌላ ፈዋሽ ልንመርጥ በእድሩ ድንኳን ተሰበሰብን። የብሎኩ ሊቀመንበር ጋሽ ናሆም ተነስቶ፣ «እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ደም አይቶ የማይደነግጥ ሰው ነው የምንፈልገው» አለ።

እኔ የሮቶ አጣቢ ነኝ። በየጣሪያው ወጥቼ የውሃ ታንከር ውስጥ ስገባ የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ሰው ያገኘሁ ቀን መቀለድ እወዳለሁ። «ታዲያ እትዬ ኤልዳና አለች አይደል!» አልኩ። «አርባ ዓመት ስትገንዝ እስከዛሬ አንዱም አላጉረመረመባት።»

ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ እጆች ወጡ፣ አብዛኛው እጅ ወጣ። ቀልዴ በድምፅ ብልጫ አለፈ ማለት ነው።

እትዬ ኤልዳና ደጃችን ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። የእድሩ ገናዥ ነች፤ በአራቱም ፎቅ የሞተች ሴት ሁሉ በእሷ እጅ ታጥባ ነው የወጣችው፣ ወንዶቹንም ሰው ሲጠፋ ታዘጋጃለች። የራሷ ሕግ አላት። የወደቀ ሰው ፊቱ ሳይሸፈን ብቻውን አይተውም፤ እሳት ቢነሳም አይተውም። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። እናውቅ ስለነበረም ነው እጃችንን ያወጣነው፤ ሞትን የማትፈራ ሴት ጨዋታ አያቅታትም ብለን። ሞትን አለመፍራትና ሟችን አለፍ ብሎ መሄድ ሁለት የተለያየ ሙያ መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አራተኛው ዋሻ ላይ ከግድግዳ የወጣ ነገር ቀስተኛውን ነከሰውና ወደቀ። የቀሩት ሦስቱ እየተዋጉ ወደፊት ሄዱ። እትዬ ኤልዳና ቆመች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ሶፎንያስ። ሶፎንያስ አራተኛ ፎቅ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ድምፁ ከመኪናው ይበልጣል።

«ፊቱን እየሸፈነች ነው» አለች ኖላዊት።

«በምን?»

«በቅጠል።»

«ቅጠሉ መድኃኒት ነው እኮ! እትዬ! ስዕል ነው! ስዕል ነው እኮ የሞተው!»

እትዬ ኤልዳና ከመስታወቱ ቀና ሳትል፣ «ስዕልስ ቢሆን ልጄ፣ ማን አለው?» አለች። ጎርፉ ያኔ ደረሰባት።

ያን ቀን ሳቅን፣ እኔ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ስድስተኛ ዋሻ ደረሰች። በአምስተኛው ቅዳሜ ዘጠነኛ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ላይ ቆመ። መፈወሱን ትችልበታለች፣ ማንም አይክዳትም። መዳፏ የሰው ቁስል የት እንዳለ የሚያሸት ይመስል ነበር፤ ቅዱስ አንድ ቅል ሙሉ ውሃ በሚጨርስበት ቁስል ላይ እሷ ሁለት ጉንጭ ነው የምታወጣው። ግን አንዱ በወደቀ ቁጥር ትቆማለች። ከቆመች ጎርፍ ነው። ፈዋሽ ደግሞ ወቅቱ ሳያልቅ አይቀየርም።

ሳቁ በሰባተኛው ቅዳሜ አለቀ። መጀመሪያ ሰላምታ ቀረባት። ቀጥሎ በውሃ ተራ ላይ ጀሪካኗ ከመሃል ወደ መጨረሻ መዝለል ጀመረ፤ ማን እንዳዘለለው የሚጠየቅ አልነበረም። የልብስ መስጫ ገመዷ ሁለቴ ተቆርጦ ተገኘ። ከታች የሚጫወቱ ልጆች በመስኮቷ ሥር እየቆሙ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እናቶቻቸው ከበረንዳ ያያሉ፣ አይቆጧቸውም። እኔ ገመድ አልቆረጥኩም። «ሬሳ ጠባቂ» የሚለውን ስም ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ኋላ ለጅብም ተዝካር ታወጣለች» ያልኩትም እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ስናገረው በሯ ክፍት ነበር።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ በራችን ላይ ጽሑፍ በራ። ኖላዊት ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የብሎክ ሃያ ሁለት የወቅቱ ጥልቀት ዘጠኝ ነው። ይህ ካልተሻሻለ የማክሰኞና ዓርብ ወንበር ቁጥር ስድስት ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለብሎክ ሃያ ሦስት ይተላለፋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«የምን ትብብር ነው የተባበርኩት?» አለች።

ኖላዊት ወንበሯ ላይ ሳለች ነርሷን ወደ ጎን ጠራሁና ሕመምተኛ ያለ እጥበት ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቅኋት። «እንደ ሰውነታቸው ነው» አለች። «አስር። አስራ ሁለት።» ከዚያ ግድግዳው ላይ የብሎኬን ቁጥር አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያው ቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይዤ የእትዬ ኤልዳናን በር አንኳኳሁ። መስታወቱ ጭኗ ላይ ነበር። ብቻዋን እየተለማመደች ነው።

«ግባ ባርኮት» አለች። «ሳትሳለቅ የመጣህበት ቀን ነው መሰል፣ ውሃም ይዘሃል።»

«እትዬ፣ ስለ ኖላ ነው።»

«አውቃለሁ። የእናንተ በር ሲበራ የእኔንም ኮሪደር ያበራዋል።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ሲወድቁ እለፊያቸው።»

መስታወቱን አስቀመጠችና እጇን ገልብጣ አየችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው። «ትናንት በልምምድ አንዱን አለፍኩት» አለች። «ሰባተኛው ላይ። ጋሻ ያዡን።»

«እሰይ! ታዲያ?»

«ታዲያማ አስረኛ ደረስኩ። ከዚያ እራት አልበላልህ አለኝ። ልጅ አይደለሁም ባርኮት፣ ሰው አለመሆኑን አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም። አርባ ዓመት ቁም እያልኩ ያስለመድኩት እጅ ነው። አሁን በሦስት ወር ሂድ ስለው ግራ ገባው።»

«ኖላ ትሞታለች እትዬ።»

«ለእሷ ብዬ አይደል የምሞክረው? ለናሆም ጥርስ መሰለህ?»

ስወጣ ውሃውን መልሳ ሰጠችኝ። «የብሎክ ሰው ካየህ ደግሞ ከእኔ ጋር አብረህ ትሰደባለህ፣ ውሰደው» አለች።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ጋሽ ያብስራ አረፈ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ድንኳኑ ሳይተከል በፊት ኮሚቴው ደረጃው ላይ ቆሞ ተሰበሰበ።

«ኤልዳና መስማት የለባትም» አለ ጋሽ ናሆም። «ከሰማች ትገባለች። ከገባች እጇ መቆምን እንደገና ይለምዳል። ሦስት ቀን ነው የቀረን።»

«ሰምታለች እኮ» አልኩ። «ነጠላዋን ስታወርድ በመስኮት አይቻለሁ።»

«እንግዲያው አትወጣም» አለ ሶፎንያስ።

ጓጉንቸር ቁልፍ ይዞ ወጣ። የእሱ ቁልፍ ትልቅ ስለነበር በበሯ ማንጠልጠያ ቀለበት አልገባም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሮቶ አጣቢ ያለ ቁልፍ አይሄድም፤ ታንከሩን ከፍተህ ከተውከው ግማሽ ሰፈር ይቀዳዋል። ከወገቤ ቀበቶ ላይ ትንሹን አወጣሁ፣ ገባ፣ ቆለፍኩት።

«ባርኮት፣ አንተ ነህ?» አለች ከውስጥ።

ሶፎንያስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ እንደ ልጅ ጨዋታ።

«አንተ ነህ፣ የቁልፍህን መንቋቋት አውቀዋለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። «ስማኝ። አገጩን ቶሎ እሰሩለት። በንጹሕ ጨርቅ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ አናቱ ላይ ቋጥሩት። ከቆየ አይታሰርም። ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። ወርጄም ለወንዶቹ ነገርኳቸው። አንዱ ሌላውን አየ፣ ሌላው ጨርቅ ፍለጋ ሄደና ቀረ። ጋሽ ያብስራ አፉን እንደከፈተ ነው የተቀበረው። ክብሩን ለመጠበቅ ሳጥኑን ቶሎ ዘጋነው። ከመቃብር ስንመለስ በሩን ከፈትኩላት። ቁልፉን ራሷ ከቀለበቱ አውልቃ አቀበለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ስለነበር የእድሩ ድንኳን በግቢው ላይ ተወጠረ። አርባ ቤተሰብ ከሥሩ ታጨቀ። ኖላዊት ከፊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል፣ ጫማዋን ሳታስር ነው የመጣችው፣ እግሯ አልገባ ብሎ። ሕዝቡ እሷን ያያል፣ ከዚያ እትዬ ኤልዳናን ያያል።

አንድ ነገር ላስረዳ። የቅዳሜው መስታወት የፈዋሹን መዳፍ የሚጠይቀው ሲጀመር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የማንም እጅ ይሠራል። ነገር ግን ሲያልቅ ግድግዳው ፈዋሹን «ጉዞው በሙሉ በእጅህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም ካለ የብሎኩ ወቅት በሙሉ ይሰረዛል፣ ወደ ዜሮ። ስለዚህ በፈዋሹ ፈቃድም ቢሆን መስታወቱን ሌላ ሰው አይነካውም። ፈዋሽ ይኮርፋል፣ ይጣላል፣ ሰክሮ እውነቱን ይናገራል። አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል ተብሎ በስብሰባ ተወስኗል።

የመጀመሪያው ጉዞ ስድስተኛው ላይ አለቀ። ሁለተኛው ስምንተኛው ላይ። ሦስተኛው ሲጀመር ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

በዚህኛው ሰባተኛው ዋሻ ላይ ቀስተኛው ወደቀ። እትዬ ኤልዳና ቆመች። ከዚያ አለፈችው።

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ሶፎንያስ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት። የእሷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ለሟቹ ይሁን ለራሷ ምን እንደምትል አልተሰማም። አስራ አንደኛው ላይ ጋሻ ያዡ ወደቀ፣ እሱንም አለፈችው። እጇ መስታወቱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያ የማይንቀጠቀጠው እጅ። አስራ ሁለት። አስራ ሦስት። በቅሏ አንድ ጉንጭ ውሃ፣ በከረጢቷ አንድ ቅጠል። አስራ አራተኛው መጨረሻ ላይ የአስራ አምስተኛው በር ወለል ብሎ ታየ። ባለ ጎራዴው በሩ ሥር ደርሶ ቆመ፣ ይጠብቃታል። በሩ ያለ ፈዋሽ አያስገባም።

ችቦ የያዘችው ልጅ እዚያ ነው የወደቀችው፤ ከበሩ አምስት እርምጃ ወዲህ። ችቦው ከእጇ ተንከባሎ ፊቷ አጠገብ እየነደደ ቀረ። ፊቷ ይታይ ነበር። ሌሎቹን ጨለማ ይሸፍናቸዋል፤ እሷን የገዛ ችቦዋ አሳየብን።

እትዬ ኤልዳና ቆመች።

«እለፊ!» አለ አንድ ሰው። «እለፊያት! እለፊ!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። ሴቶች ቆመው ጮሁ። ሶፎንያስ ወንበር ረገጠ። ጋሽ ናሆም እጆቹን አናቱ ላይ ጭኖ፣ «አምስት እርምጃ! አምስት እርምጃ ነው አንቺ ሴትዮ!» ይላል። እሷ ከረጢቷን ከፍታ ያችን አንድ ቅጠል ፈለገች። አንድ ሁለት እያልኩ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ስምንት ላይ ነኝ።

ከፊቴ ኖላዊት፣ ለማንም ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተዉአት፣ ትሸፍናት» አለች።

በደንብ ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብዬ አላውቅም።

ሁለት ሰው ገፍቼ አለፍኩና የእትዬ ኤልዳናን የእጅ አንጓ ያዝኩ። ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነበር። ከመስታወቱ ላይ አላቅቄ ወደ ጎን አደረግሁት፣ እንደ ዕቃ። የራሴን መዳፍ አሳረፍኩ። ቤቴ በመለማመጃ መስታወት አስራ ስድስተኛ ደርሼ አውቃለሁ፣ ከባድ አይደለም። ልጅቷን ረግጬ ማለፍ ነበረብኝ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ረገጥኳት፤ ባለ ጎራዴው በሩን ገፋ፤ ገባን።

ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። አስራ አምስት።

አንዳንዶች ጎርፉ ከኋላ ገና አልተነሳም ነበር፣ ሸፍናትም ትደርስ ነበር ይላሉ። እኔ ወደ ኋላ አላየሁም።

ሰው ተቃቀፈ፣ እኔንም አቀፉኝ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለውና ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው እየጠየቀ ነበር፦ «ጉዞው በሙሉ በእጅሽ ነበር?» ከሥሩ አዎ እና አይደለም ይበራሉ። ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ ይሰማል። ሶፎንያስ እንደ ቤተ ክርስቲያን ኮፍያውን አወለቀ። ጀሪካኗን ያዘለለ፣ ገመዷን የቆረጠ፣ ስም ያወጣላት፣ በሯን የቆለፈ ሁሉ እዚያው ቆሞ ፊቷን ያያል።

እትዬ ኤልዳና አንጓዋን እያሸች ግድግዳውን አነበበች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ከዚያ ኖላዊትን አየቻት፣ ያበጠ ፊቷን፣ ያልታሰረ ጫማዋን። ጣቷን ሰደደችና አዎን ነካችው።

ጩኸቱ እንደገና ሲነሳ እሷ ተነስታ ኩርሲዋን አጠፈች። እኔ መንገድ ለቀቅሁላት፤ እንዳላየችኝ አለፈች። ኖላዊት አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው ወንበርሽ?» አለቻት።

«ሁለት ተኩል።»

«ጥሩ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር «ዶክተር!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ሶፎንያስ ጀሪካኔን ራሱ ተሸክሞ አወጣልኝ። ኖላዊት እቤት ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትላለች፤ ጨው አቀብለኝ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ስልኩ ጠራ። ከዚያ የዘለለ የለም። ደስታው አድክሟት ነው አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጃኬቴን ለብሼ ቦርሳዋን አነሳሁ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የምናደርገው።

«አስቀምጠው» አለች። «እትዬ ኤልዳና ትሸኘኛለች።»

«እሷ? ምን ልታደርግልሽ?»

«ምንም። አብራኝ ትቀመጣለች።»

«እኔስ?»

«አንተ ሮቶህን እጠብ።»

ለመቀለድ ሞከርኩ። «ኧረ ኖላ፣ የገዛ ወንበሬን ከለከልሽኝ? አስራ አምስትን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም?»

የጋቢዋን ጫፍ አስተካከለች። «አንተ ነህ። ስለ ወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፣ በመንገድ ዕቃ ላነሳላት ሰው እንደምትለው አድርጋ። «እዚያ ብወድቅ ግን፣ አንተ ማለፍ ታውቃለህ።»

በሩን ከፈተች። እትዬ ኤልዳና ነጠላዋን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ናሆም መጣ፣ ያለ ማንኳኳት። የሚቀጥለውን ወቅት የፈዋሽነት ሰነድ ይዞ። «ዶክተር! ያለ ስብሰባ አልፏል፣ ሙሉ ድምፅ» አለ። «መዳፍህን እዚህ ላይ ብቻ አሳርፍ። መቼም ለሚስትህ ስትል እንቢ አትልም። በየሦስት ወሩ ነው፣ እስካለች ድረስ።»

እስካለች ድረስ። ልክ ነው። ወንበሩ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው፣ እኔም በየቅዳሜው መውረድ አለብኝ፣ ስወርድም ማለፍ አለብኝ። ይህን ለማስላት አስረኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ሁለቱ በግቢው አድርገው ወደ አስፋልቱ እየሄዱ ነው። ኖላዊት ትንፋሽ ስለሚያጥራት አስር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ስትቆም እትዬ ኤልዳናም ትቆማለች። እጇን አትይዛትም፣ አታስቸኩላትም፣ ሰዓትም አታይም። ኖላዊት ስትራመድ ነው የምትራመደው።

«ምን ታያለህ?» አለ ጋሽ ናሆም። «ቶሎ በል፣ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል።»

መዳፌን አሳረፍኩ።